መንገድ ላይ ያሉት ብቻ ሲቆጠሩ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ጉደርን አልፎ ጌዶ ሲደርስ ጋቢውን ይፈልጋል፤ ከጌዶ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል። እጃጂ ያለችው እዚያ፣ ብርዱ ባለቀበት ነው። የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተዘርግታ፣ ክረምት በገባ ቁጥር በበቆሎ ትከበባለች። ከእሷ ወዲያ ባኮ ነው። በዚህ መስመር የሚኖር ሰው ወገቡን ሲቆረጥመው፣ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ከነጋ፣ ሐኪም ሳያየው «ቡሳ ነው» ይላል። ቡሳ በኦሮምኛ ወባ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪውም በዚያ አገር ቃሉን የራሱ አድርጎታል። አያቶቻችን ንዳድ ይሉት የነበረው ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም የአክስቴን ልጅ ይዤ እዚያው አንድ ላቦራቶሪ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። ሥራው አዲስ አበባ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤተሰብ ሊጠይቅ ወርዶ፣ ሳይመለስ መስቀል ላይ ታመመ። ላቦራቶሪስቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ጣቱን በአልኮል ጠረጉት፣ ወጉት፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ አነሱና ተከታዮቹን መስታወቱ ላይ አኖሩ። አንዷን እንደ ሳንቲም አከበቧት። ሌላዋን በሁለተኛ መስታወት ጠርዝ ገፍተው እስክትሳሳ ድረስ ሳቧት። ከዚያ ወይን ጠጅ መሳዩን የጊምሳ ቀለም አፍስሰውባት ቁጭ አሉ።

ቀለሙ እስኪይዝ ልጁ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ከወራት በፊት ለሥራ ቅጥር ሲመረመር አዲስ አበባ ካለ አንድ ክሊኒክ የተሰጠው የደም ቆጠራ ነው። ኒውትሮፊል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ጎን 1,100 ይላል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ማሽኑ ራሱ የሚያትማት፣ ዝቅ ማለቱን የምትናገር የላቲን ፊደል ኤል አለች። በዚያች ፊደል ምክንያት ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። የኤች አይ ቪ ምርመራ ሁለት ጊዜ ተደርጎለታል፣ ቫይታሚን ግዛ ተብሏል፣ ቅጥሩም ሁለት ወር ዘግይቷል። ያኔ ምንም አላመመውም ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁና «ይሄንንማ በየቀኑ ነው የማየው» አሉ። «ሴሎቹ የሉህም ማለት እኮ አይደለም ልጄ። ደም ውስጥ የሉም ማለት ነው።»

ያቺ አነጋገር ከዚያ ቀን ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ከኋላዋ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ታሪክ አላት፤ ግማሹ በአውሮፓ የእንቁራሪት ምላስ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ እንደኛ ባለ አገር ደም ውስጥ የተጻፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።)

ነጭ የደም ሴል ደም ውስጥ የሚኖር የሚመስለን ደም ውስጥ ስለምናየው ነው። በ1846 ለንደን ውስጥ አውግስጦስ ዎለር የሕያው እንቁራሪት ምላስ ወጥሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ነጮቹ ሴሎች ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ቆይተው ወደ ውጭ ሾልከው ሲወጡ አየ። ብዙ ሰሚ አላገኘም። ጀርመናዊው ዩሊየስ ኮንሃይም በ1867 ያንኑ ደግሞ አሳየ፤ መግል የሚባለው ከደም የወጡ ነጭ ሴሎች ክምችት ነው ሲል ያን ጊዜ ተሰማ። በዓመቱ ኤርነስት ኖይማን ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኒ ውስጥ መሆኑን ጻፈ። በ1882 ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮቭ በሲሲሊ ደሴት መሲና ላይ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰክቶ አደረ፤ ሲነጋ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾኹን ከበውት አገኘ። ለዚህ ሥራ በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ኒውትሮፊል የሚለውን ስም በቀለም ለይቶ ያወጣውም፣ «ተቀባይ» የሚለውን ሐሳብ ለሕክምና ያቀበለውም ይኸው ኤርሊኽ ነው።

እንግዲህ ሴሉ መቅኒ ውስጥ ይወለዳል፣ ደም ላይ ይሳፈራል፣ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ደም መንገዱ እንጂ ቤቱ አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ኒውትሮፊል ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በደም ውስጥ ሲዘዋወር የሚገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ትልቁ ክምችት መቅኒ ውስጥ ነው። በደም ሥር ካሉትም ውስጥ ብዙዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ስለሚቆሙ መርፌው አያገኛቸውም። በአስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሰው የሚቆጥር፣ የእጃጂን ሕዝብ ቆጠርኩ ቢል ማንም አያምነውም። የደም ቆጠራ ማሽን ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እኛም እናምነዋለን።

ማን መንገድ ይውጣ፣ ማን ቤት ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ምንድን ነው? ሜችኒኮቭ ሴሉ «ይጠራል» ከማለት አላለፈም። የሚጠራውን ነገር ለመለካት ስቲቨን ቦይደን በ1962 በሁለት ክፍል የተሠራች ትንሽ ዕቃ አበጀ፤ በመካከሏ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን አለ፣ ሴሉ ወደሚስበው ነገር ሾልኮ ሲያልፍ ይቆጠራል። የሚጠራው ነገር ራሱ፣ ኒውትሮፊልን የሚስበው ኢንተርሊኪን 8፣ የተገኘው በ1987 አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ዘመዶቹ ተከታትለው ሲገኙ ለቤተሰቡ ኬሞካይን የሚል ስም ወጣለት።

አሠራሩ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። ቡና ሲቆላ ጎረቤት በአፍንጫው ይመጣል፤ ጠረኑ በሚበረታበት በኩል ይራመዳል፣ በሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ኬሞካይን ጠረኑ ነው፤ በሴሉ ገጽ ላይ የተተከለው ተቀባይ ደግሞ አፍንጫው። ሴሉ ግን ከእኛ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፦ በዕድሜው አፍንጫውን ይቀይራል። ገና ያልበሰለ ኒውትሮፊል ሲኤክስሲአር 4 የሚባል ተቀባይ በገጹ ላይ ሞልቶታል። ይህ ተቀባይ የሚያሸተው የመቅኒው አቃፊ ሴሎች የሚያመነጩትን ሲኤክስሲኤል 12 ነው፤ ስለዚህ ልጁ ከእናቱ ቀሚስ አይርቅም። ሲበስል ይኼኛው ተቀባይ ይቀንስና ሲኤክስሲአር 2 ይበረክታል። ሲኤክስሲአር 2 የሚያሸተው ከደም ሥሩ ወገን የሚመጣውን ጠረን ነው፤ በር ይከፈታል። በጣም የሚገርመኝ መጨረሻው ነው። ኒውትሮፊሉ ሲያረጅ የልጅነት ተቀባዩን መልሶ ያወጣል፤ ብዙዎቹም ሊሞቱ ወደ ተወለዱበት መቅኒ ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ወሬ እንዳይመስል ሁለት ነገር ልጨምር። በ1964 ሐኪሞች አንዲት ልጅ አገኙ፤ ደሟ ውስጥ ኒውትሮፊል የለም ለማለት ይቻላል፣ መቅኒዋ ግን በበሰሉና ባረጁ ኒውትሮፊሎች ተጨናንቋል። በሩ የተዘጋበት ቤት። ምክንያቱ የታወቀው ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ2003 ነው፦ የሲኤክስሲአር 4 ዘረ መል ተበላሽቶ ተቀባዩ ከሴሉ ገጽ አልወርድ ይላል። ሁለተኛው ነገር በተቃራኒው የሆነ ነው። በ1996 ኤች አይ ቪ ወደ ሴል ሲገባ ከሚጠቀምባቸው በሮች አንዱ ይኸው ሲኤክስሲአር 4 መሆኑ ተገለጠ። በሩን ለመዝጋት የታሰበ አንድ መድኃኒት በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር ነጭ የደም ሴላቸው በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ወጣ። አዲስ ሴል አልተወለደም፤ የነበረው መንገድ ወጣ። ለኤች አይ ቪ ያልሆነው መድኃኒት ፕሌሪክሳፎር ተብሎ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ዛሬ ለንቅለ ተከላ የሚፈለጉ የመቅኒ እናት ሴሎችን ወደ ደም አውጥቶ ለመሰብሰብ ይውላል።

አሁን ወደ ቡሳ ልመለስ፤ ወደ አክስቴ ልጅ ወረቀት የሚያደርሰን እሱ ነውና።

በ1950 ለንደን ውስጥ ደሙ የማይረጋለትና ብዙ ጊዜ ደም የተሰጠው ዳፊ የሚባል ሰው ነበር። ማሪ ከትቡሽ፣ ፓትሪክ ሞሊሰንና ዶሮቲ ፓርኪን በደሙ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ፀረ እንግዳ አካል አገኙና አዲሱን የደም ዓይነት በሰውየው ስም ጠሩት። በ1955 ሩት ሳንገርና ባልደረቦቿ የኒውዮርክ ጥቁር አሜሪካውያንን ደም ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ ይህ ዳፊ የሚባለው ነገር በቀይ ደም ሴላቸው ላይ ጨርሶ የለም። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ሐኪሞች ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ያውቁ ነበር። ፔኒሲሊን ሳይመጣ የአእምሮ ቂጥኝ በወባ ትኩሳት ይታከም በነበረበት ዘመን (የቪየናው ዩሊየስ ዋግነር-ያውሬግ በዚህ በ1927 ኖቤል ተሸልሟል) ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ለብዙ ጥቁር ሕመምተኞች አልይዝ እያለ ያስቸግር ነበር። ሁለቱን ያገናኘው አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለር ነው። በ1976 ባሳተመው ጥናት ቫይቫክስ በተሸከመ ትንኝ ከተነከሱት ፈቃደኞች ያልታመሙት አምስት ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ዳፊ የሌላቸው። ያ ነገር ለቫይቫክስ በር ነበር ማለት ነው።

በር መሆኑ ታወቀ፤ ቤቱ የምን ቤት እንደሆነ ግን ገና ነበር። ሰውነት ለወባ ብሎ በር አይሠራም። በ1991 ተመራማሪዎች ቀይ የደም ሴል ኢንተርሊኪን 8ን እንደ ስፖንጅ ሲመጠው አዩ። በ1993 ሪቻርድ ሆሩክና ባልደረቦቹ የሚመጠው ነገር ያው የዳፊ ተቀባይ መሆኑን አሳዩ። ቀይ ሴል የትም አይሄድም፣ ጠረን ተከትሎ አይራመድም፤ ሆኖም ጠረን የሚይዝ ተቀባይ ተሸክሟል። በዘመኑ ቋንቋ ኤሲኬአር 1 የሚባለው ይህ ተቀባይ ከሌሎቹ ዘመዶቹ የሚለየው በዚህ ነው፦ ኬሞካይኑን ይይዘዋል እንጂ ለሴሉ «ሂድ» አይለውም። ጠረኑን ይሰበስባል፣ ያከማቻል፣ ሲበዛ ይቀንሰዋል። በ1995 ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ዘረ መል ተነበበ። ለውጡ አንዲት ፊደል ናት። ተቀባዩን አልሰበረችውም፤ በቀይ ሴል ውስጥ እንዲሠራ የሚያዘውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አጠፋች። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ዳፊ እንዳለ ነው። አዳራሹን ሳይነካ የበረንዳውን መብራት ብቻ እንደማጥፋት ያለ ነገር።

የኒውትሮፊል ማነስ ደግሞ በሌላ ጎዳና ይመጣ ነበር። በ1971 ሻፐርና ልዊስ ላንሴት ላይ የአፍሪካ ተወላጆች ጤነኛ ሆነው ሳለ ኒውትሮፊላቸው ዝቅ እንደሚል ጻፉ። የየመን አይሁዶች ላይ ታየ፣ በኋላም ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ። ስሙን «ጉዳት የሌለው የዘር ኒውትሮፊል ማነስ» አሉት። ይህን ስም ወድጄው አላውቅም። «ማነስ» ሲባል ከምን ማነስ? ከአውሮፓውያን ደም ተወስዶ ከተጻፈ ቁጥር ነው። ሰውየው ሙሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው መጽሐፉ ነው። ለስም ብቻ የሚደረግ ክርክር እንዳይመስል ግን፦ ክሎዛፒን የሚባለው ለከባድ የአእምሮ ሕመም ወሳኝ መድኃኒት ኒውትሮፊል ስለሚቀንስ፣ ቁጥራቸው ከመነሻው ዝቅ ያለ ጥቁር ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ ይከለከሉት ነበር። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለእነሱ የተለየ ወሰን ያወጣው በ2015 ነው። የነቀርሳ መድኃኒትም በዚሁ ቁጥር ሰበብ ይዘገያል፣ መጠኑ ይቀነሳል።

ሁለቱ ጎዳናዎች የተገናኙት በ2009 ነው። ዴቪድ ራይክና ባልደረቦቹ የጥቁር አሜሪካውያንን ዘረ መል ሲያበጥሩ፣ ኒውትሮፊል ዝቅ የሚልበት ምክንያት ተለይቶ ወጣ፦ ያቺው የዳፊ አንዲት ፊደል። ቫይቫክስን በር የከለከለችው ፊደል ኒውትሮፊልንም ከመንገድ አነሳች። እንዴት? ብዙዎች ሴሎቹ መቅኒ ውስጥ ይቀራሉ ወይም ምርቱ ያንሳል ብለው ገምተው ነበር። በ2017 ኔቸር ኢሚዩኖሎጂ ላይ የወጣው የዮሃን ዱሼንና የአንታል ሮት ቡድን ሥራ ሌላ ነገር አሳየ። ዳፊ በብዛት የሚገኘው ደም ውስጥ ባለው ቀይ ሴል ላይ አይደለም። መቅኒ ውስጥ፣ ገና ኒውክሊየሱን ባልጣለው፣ ቀይ ለመሆን በሚያድገው ልጅ ሴል ላይ ነው። እነዚህ ልጅ ሴሎች የደም እናት ሴሎችን ተጠግተው ይቀመጣሉ። ዳፊያቸው ሲጠፋ እናት ሴሎቹ የሚወልዷቸው ኒውትሮፊሎች ገጻቸው ላይ የተለየ መሣሪያ ይዘው ይወጣሉ፤ ከደም ወደ ሥጋ ለመግባት የፈጠኑ ይሆናሉ። ቁጥሩ ዝቅ የሚለው ስላነሱ አይደለም፤ መንገድ ላይ ስለማይቆሙ ነው።

ሽማግሌው ላቦራቶሪስት ይህን ሁሉ አንብበው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በአንድ አረፍተ ነገር ግን ያሉት እሱኑ ነው።

የአገራችን ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚወሳሰበው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ዳፊ የሌለው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ነው፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሁሉም አለው። ኢትዮጵያ መሀል ላይ ናት። በአንድ ገበያ፣ እንዲያውም በአንድ ቤት ያለውም የሌለውም ይገኛል፤ ድርሻውም ከሕዝብ ሕዝብ፣ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ስለዚህ ቫይቫክስ እኛ ዘንድ ቤተኛ ነው፤ ከወባ ሕመማችን ለረጅም ዓመታት 60 ከመቶ ገደማው ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት፣ 40 ከመቶ ገደማው ቫይቫክስ ሲባል ኖሯል። ለምርመራ ማሽኑ ይህ ማለት፣ የአውሮፓ ወሰን ለግማሹ ሰው ይሠራል፣ ለግማሹ አይሠራም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ ፊት አይቶ መለየት አይቻልም።

ቫይቫክስም ቢሆን የተማርነውን መጽሐፍ አላከበረም። ከ2013 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች፣ የጅማ አካባቢን ጨምሮ፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ተይዘው መገኘታቸውን ደጋግመው አሳይተዋል። በሩ ከተዘጋ በምን ገባ? ፓራሳይቱ የሚወደው ገና ያልበሰለውን፣ ከመቅኒ የወጣውን ወይም ሊወጣ የተዘጋጀውን ቀይ ሴል ነው፤ በ2018 ደግሞ በዚያ ልጅ ሴል ገጽ ላይ ያለውን የብረት ተቀባይ እንደሚይዝ ታወቀ። በ2023 የታተመ ሥራ ዳፊ የላቸውም የተባሉ ሰዎች ራሳቸው መቅኒ ውስጥ በማደግ ላይ ባሉ አንዳንድ ቀይ ሴሎች ላይ ለአጭር ጊዜ ዳፊን እንደሚያወጡ አሳየ። የበረንዳው መብራት የጠፋ መስሎን ነበር፤ ለካስ ሲበራ የሚያይ አልነበረም።

ስለ ትንኟም አንድ ነገር ሳልል ከእጃጂ በቆሎ ማሳ አልወጣም። ወባ ወይና ደጋውን እንደሚወጣ አገራችን በ1958 በመከራ አይታዋለች፤ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው አገር ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ልኩ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ነገር አለ። ባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል በ1993 ቢኤች 660 የሚባል ዝርያ በቆሎ አወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች የባኮ ድቅል ማለት ናቸው። ምርቱ ብዙ ገበሬ ጎተራ ሞልቷል፣ አገሩንም አዳርሷል። ቁመቱ ረጅም ነው፣ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ አበባውን የሚያራግፈው ትንኟ በምትራባበት ሰሞን ነው። ዝዋይ አካባቢ የተሠራና በ2000 የታተመ ጥናት የወባ ትንኝ እጭ የበቆሎ አበባ ዱቄት ሲበላ ቶሎና ወፍራም ሆኖ እንደሚያድግ አሳየ። የታሪክ ባለሙያው ጄምስ ማካን ይህንን ይዞ ቡሬ አካባቢ በ1998 የተነሳውን ወባ ከበቆሎው መስፋፋት ጋር አያይዞታል። እኔ በቆሎውን አልኮንንም፤ ያደግሁት በእሱ እሸት ነው። ከማሳው ዳር የተጠራቀመ ውሃ ሳይ ግን ዓይኔ አሁን ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ለኢትዮጵያዊ ደም የራሱን ወሰን ለማውጣት የተሞከረበት ጊዜም ነበር፤ ሊረሳ የማይገባው እሱ ነው። ኤች አይ ቪ ሲበረታ በ1994 የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ፤ አቃቂና ወንጂ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። አስተር ፀጋዬ፣ ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት ሥራ ቫይረሱ የሌለባቸውን 485 ጤነኛ ሠራተኞች ደም ለካ፤ ከእነዚህ የ142ቱን ነጭ ሴሎች በዓይነት ለይቶ ከ1,356 የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች ጋር አነጻጸረ። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው፣ ሲዲ 4 የሚባለው የቲ ሴል ቁጥር በኢትዮጵያውያኑ በአማካይ 775 ሆነ፤ ከደቾቹ በግልጽ ያነሰ። ጤነኛ ሆኖ 400 የማይሞላ ነበር። መድኃኒት ለመጀመር ሲዲ 4 ከ200 ወይም ከ350 ሲወርድ ይባል በነበረበት ዘመን፣ ይህ ልዩነት የወረቀት ልዩነት አልነበረም።

የሲዲ 4ቱ ግን ከዳፊ የተለየ ታሪክ ነው፤ አንድ ላይ እንዳይታሰር። በዚያው ዓመት የፀሐይነሽ መሰለ ቡድን እንዳሳየው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ገና ያልሠለጠኑት፣ ጠላት ያላዩት ቲ ሴሎች ያነሱ፣ የነቁትና የተቆጡት የበዙ ናቸው። ዝቪ ቤንትዊች እስራኤል ውስጥ ከቤተ እስራኤላውያን ጋር ሠርቶ ምክንያቱን ከሰውየው ዘር ይልቅ ከአካባቢው፣ በተለይ ከአንጀት ትላትል ፈለገ። በ1984ና 85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ግንቦት ደግሞ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን የተጓዘበት ያ ጉዞ፣ ሳይታሰብ ትልቅ ሙከራ ሆኗል፦ ያው ሰው፣ ያው ዘረ መል፣ ሌላ ውሃና ሌላ አፈር። የእሱ ቡድን አዲስ በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴል ላይ ሲሲአር 5 የሚባለው የኬሞካይን ተቀባይ በዝቶ ማግኘቱን በ1999 አሳተመ። ሲሲአር 5 ለኤች አይ ቪ ዋናው በር ነው። እዚህ ላይ ተቀባይ ከእናት ብቻ አይወረስም፤ ባዶ እግር ከሚረገጥ አፈርም ይመጣል።

ቲ ሴልም ቢሆን በመንገድ ሕግ ይተዳደራል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ላይ ጄምስ ጋውንስ ሊምፎሳይት፣ ቲ ሴል የሚመደብበት የነጭ ሴል ወገን፣ ከደም ወደ ንፍፊት፣ ከንፍፊት ወደ ደም እየተመላለሰ እንደሚኖር አረጋገጠ። ልጅ ቲ ሴሎች ከመቅኒ ወጥተው ታይመስ የሚባለው እጢ ውስጥ የሚገቡት፣ እዚያም ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወሩት ተቀባይ እየቀያየሩ ነው፤ ለመውጣት ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን አንድ የቅባት ምልክት የሚያሸት ተቀባይ ያስፈልጋቸዋል። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለነርቭ ሕመም የተፈቀደው ፊንጎሊሞድ የሚያደርገው ይህንን መውጫ መዝጋት ነው። የሚወስደው ሰው ደም ቢመረመር ሊምፎሳይቱ አሽቆልቁሏል። አልሞቱም፤ ንፍፊት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ማይክሮስኮፑ ላይ ሽማግሌው አጎንብሰው በግራ እጃቸው መቁጠሪያዋን ጠቅ ጠቅ ያደርጓታል። ስሷን የደም ጠብታ እያዩ ቆይተው ጠሩኝና ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ከዚያ ሐምራዊ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ ክብ ክብ ሴሎች፤ አንዷ ከጎረቤቶቿ ሰፋ ብላ፣ ገርጥታ፣ በላይዋ ቀያይ ነጥብ ተረጭቶባት፣ ውስጧ ቅርጹ የተበታተነ ሰማያዊ ነገር ይዛለች። «ቫይቫክስ ነው» አሉ። «ልጅ ሴል ነው የሚፈልገው፤ ሰፊዋ እኮ ለዚያ ነው።» ከእሷ ዝቅ ብሎ አንድ ኒውትሮፊል ነበር፤ ኒውክሊየሱ ገና አልተቆራረጠም፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ታጥፎ ቀርቷል። ሳይበስል መንገድ የወጣ።

ለልጁ ክሎሮኪን ለሦስት ቀን፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ለሚቆየው ፓራሳይት ደግሞ ፕሪማኪን ለ14 ቀን ታዘዘለት። የሕክምና ወረቀቱን ከቅጥሩ ወረቀት ጋር አጣጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ሽማግሌው አስቆሙት። የድሮውን ወረቀት ተቀብለው ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ኤል በእስክሪብቶ ከበቧትና ምንም ሳይጽፉባት መለሱለት።